ካፒቴንና የእማ ዳክዬዎች

ሰኔ 22 ቀን 2017

ኦሞድ ዛሬ ሄደ። ወደ ትየርኪዲ በሚሄድ የውሃ ቦቴ ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ። የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ውሃ ከሚያድል ድርጅት ጋር ሥራ አግኝቷል። አባባ ሊሸኘው አልወጣም። መጋረጃው ግን ነፋስ በሌለበት ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

"ካፒቴንን አደራ" አለኝ ወንድሜ። ካፒቴን ውሻው ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲያወርድ በነበረ ጊዜ አጥሩ ሥር ቡችላ ሆኖ አግኝቶት በሥራ ጃኬቱ ጠቅልሎ አመጣው። ሥራውን ያስገኘለት አባባ ነው፤ አባባ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው እዚያው ነው። ኦሞድ ባለፈው ወር ሥራውን ሲተው "ዕድሜዬን የሰው ሻንጣ ስሸከም አልኖርም" አለ። አባባ "እንዳንተ" የሚል ጨምሮ ሰማው። ኦሞድ ያንን አላለም። አላለም ብዬ ነው የማስበው።

በዚህ ላይ ትናንት ካፒቴን አንድ የዳክዬ ጫጩት ገደለ። ለጨዋታ ብሎ ነው፣ አልበላውም። ግን ዳክዬዎቹ የእማ ናቸው፤ እማ ከሞተች ወዲህ አባባ ራሱ ነው የሚያበላቸው። በር ላይ ወጥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ "ሌላ አንድ ቢነካ ጎግ ነው የምልከው! እዚያ ወዳጅ አለኝ፣ የበቆሎ ማሳ ይጠብቅ!" አለ። ኦሞድም ልብሱን እያጠፈ ሰማ።

ቤት ውስጥ በአኙዋኛ ነው የምናወራው። እዚህ ግን በአማርኛ እጽፋለሁ፤ የሚያስጨንቀኝን ነገር በትምህርት ቤት ቋንቋ ስጽፈው ትንሽ ራቅ ይልልኛል።

ሰኔ 25

የእንስሳት ሳይንስ ተመርቄ ቤት ተቀምጫለሁ። ለጎግ ወረዳ ግብርና አመልክቻለሁ፣ ምደባው አልወጣም። እስኪወጣ ድረስ ለምን አልሠራም? ውሻና ዳክዬ አንድ ግቢ ውስጥ በሰላም እንደሚኖሩ ለአባባ አሳየዋለሁ። ለሱ ብቻ አይደለም፣ ለሰፈሩ ሁሉ። ምናልባት ሥልጠና ይሆናል! ምናልባት ፕሮጀክት!

ለዳክዬዎቹ በታችኛው አጥር በኩል፣ ወደ ባሮ ወንዝ በሚያየው ጎን፣ በወንፊት ሽቦ ከለልኩላቸው። ማታ የሚዘጋ ቤት፣ የራሳቸው የውሃ ሳፋ። ካፒቴን በገመድ። ቀድሞ እሱ ይበላል፣ ሲጠግብ እነሱ ይወጣሉ። የተራበ ውሻ አይማርም።

ጎረቤታችን እትዬ የትናየት ከሱቃቸው መስኮት ሆነው ያዩኛል። ከጎሬ ከመጡ ልጅ ወልደው ለወግ አብቅተዋል፣ ሰፈሩ የሳቸው ነው።

"ዲቦራ፣ ካፒቴን ዛሬ በረራ ተሰረዘበት እንዴ? ምነው ታሰረ?"

"ሥልጠና ላይ ነው እትዬ።"

"ይኼን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ውሻ ልታስተምሪ ነው? እሱስ ሲመረቅ ሥራ ያገኛል?"

ሳቅኩ። ቤት ገብቼ ግን አልሳቅኩም።

ሐምሌ 3

ጥሩ ቀን። ዳክዬ ሲያይ "ተው!" እላለሁ፤ ዓይኑን ከነሱ መልሶ ወደኔ ካዞረ የደረቀ ዓሣ ቁራጭ። ዛሬ ሳልለው ራሱ አዞረ።

ችግሩ ሳህኑ ነው። ቀይ ፊቷ አሮጊት ዳክዬ ምግቡን ልትሰርቀው በሽቦው ሥር ገባች፣ እሱም ጥርሱን አሳየ። እኔ ብሆንም አሳያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በልቶ እንደጨረሰ ሳህኑ ይነሳል።

አባባ አይጠይቅም። ግን የሽቦውን ቀዳዳ ሳላየው ጠግኖታል።

ሐምሌ 9

ያላሰብኩት ነገር።

በዚህ ወር ትንኙ መከራ ነው። አባባ ሲመሽ እርጥብ ሣርና እበት ያጨሳል፣ እኛም እዚያ እንቀመጣለን። ዛሬ በሩን ረስቼ ዳክዬዎቹ ወጡ፤ ወደ ጭሱ መጡ። ካፒቴንም ገመዱን እየጎተተ መጣ። ልጮህ ነበር። አባባ እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ። ካፒቴን በአንድ ጎን ተኛ፣ እነሱ በሌላው። ቀይ ፊቷ አንዴ ፊቷን ወደሱ አዙራ አየችውና ጭንቅላቷን ክንፏ ውስጥ ከተተች።

"ትንኝ ሁሉንም ይነክሳል" አለ አባባ። ከኦሞድ መሄድ ወዲህ ረጅሙ ንግግሩ ነው።

ሐምሌ 15

ኦሞድ ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"እሱ ደህና ነው?"

"እሱ ማን?"

ዝም አለ። ከዚያ "ውሻው ነዋ" አለ።

"ደህና ነው። ዳክዬ አይነካም አሁን። ይበላል፣ ይተኛል። ጉልበቱን ግን ያመዋል፣ ዝናብ ሲሆን።"

"ውሻውን?"

"አይ። እሱን አይደለም።"

"እሺ" አለ። "ጉልበቱን ይሸፍን በይው።"

ስልኩን ስዘጋ አባባ በሩ ጋ ቆሞ ጫማውን ይጠርጋል። የጠረገውን ጫማ እንደገና ጠረገው። "ወንድምሽ ነው?" አላለም። እኔም "ጉልበትህን ሸፍን" ብዬው ገባሁ።

ሐምሌ 20

በኩራት ገመዱን ፈታሁ። ካፒቴን በዳክዬዎቹ መካከል አልፎ ሄዶ ጥላው ሥር ተኛ። አባባን ጠራሁት።

"አየህ? አይነካቸውም!"

አየ። አፍንጫውን አሸ። "ድንጋይም አይነካቸውም" አለ። "ምን ይጠቅማል?"

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልክ ነው እኮ። አለመንካት ብቻ ቦታ አያሰጥም። አባባ "ይኼ ውሻ ባይኖርስ?" ብሎ የሚፈራበት ቀን መምጣት አለበት። ያን ጊዜ ጎግ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። መንጋ የሚጠብቁ ውሾች እንዳሉ ተምረናል፤ ከበጎች ጋር አብረው የሚያድጉ፣ ከነሱ የማይለዩ። ካፒቴን ለምን አይችልም?

ሐምሌ 28

እየቻለ ነው!! ዘዴዬ ቀላል ነው። ዳክዬዎቹ ከግቢው ወጥተው ረግረጉ ላይ ሲለቅሙ እሱም አብሮ ይወጣል። ትቷቸው ወደኔ ከመጣ አላናግረውም፤ እጄን ወደነሱ አወናጭፌ "ወደነሱ!" እለዋለሁ። አብሯቸው ከቆየ ዓሣውን እዚያው ድረስ ወስጄ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ብጠራውም ባልጠራውም መምጣት ለምዷልና። ዛሬ ስሙን ጠርቼ ፈተንኩት። አየኝ፣ ጭራውን ቆላ፣ ከነሱ ጋር ቀረ። ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት።

እትዬ የትናየት "ይኼ ውሻ ከኔ ባል ይሻላል፣ ሲጠራ ባይመጣም የት እንዳለ ይታወቃል" አሉ።

ነሐሴ 6

ዓርብ ዕለት አርጃኖ መጣ፣ እንሽላሊት የሚመስለው። ትልቅ፣ ከረግረጉ የወጣ። ጫጩቶቹን ሊወስድ በሣሩ ውስጥ ሲሳብ ካፒቴን መሃላቸው ገብቶ ጮኸበት፣ አባረረው። አባባ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አየ።

ማታ ዓሣ ስንበላ የዓሣውን ራስ ቆርጦ፣ ለራሱ የሚያስቀረውን ምርጡን፣ ወደ ካፒቴን ዘረጋ። "እንካ ካፒቴን" አለ። በስሙ ጠርቶት አያውቅም። ፎቶ አነሳሁና ለኦሞድ በቴሌግራም ላክሁ። የሚታየው የውሻው አፍና የአባባ እጅ ብቻ ነው።

"የማን እጅ ነው?" ብሎ ጻፈ።

"ገምት።"

ከዚያ "ለእንቁጣጣሽ እመጣ ይሆናል።"

አምላኬ ተመስገን። እሁድ መዘምራን ስንቆም ድምፄ ከሁሉም በላይ ወጣ፣ መሪያችን ዞራ አየችኝ።

ነሐሴ 14

ደጋው ላይ እየዘነበ ነው፣ ባሮ ሞልቷል። ውሃው የታችኛውን ማንጎ ግንድ ነካ። እትዬ የትናየት ስኳሩን ወደ ላይኛው መደርደሪያ አወጡ። ሽቦዬ በከፊል ወድቋል፤ ዳክዬዎቹ ደስታቸው ወሰን የለውም፣ አጥሩ ላይ እየዋኙ ያልፋሉ።

አባባ፦ "ውሃው እንዲህ ሲሆን ወንዙ ግቢ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዳክዬዎቹ ጋር የሚመጣውን አዞ አታይውም። ውሻውን እሰሪ።"

እኔ፦ "እሱ ከታሰረ እነሱን ማን ይጠብቃል?"

ጉልበቱን እያሸ ወደ ውሃው አየ። መልሱን አጣ ብዬ ደስ አለኝ።

ለኦሞድ አልጋ አዲስ አጎበር ገዛሁ።

ነሐሴ 17

ካፒቴን የለም።

ዳክዬዎቹ ሁሉም አሉ።

መጻፍ አልችልም

ነሐሴ 21

ልጻፈው።

ጠዋት ነበር፣ ፀሐይ ወጥቶ። ዳክዬዎቹ በወደቀው ሽቦ ላይ አልፈው ወደ ሰፊው ውሃ ወጡ፣ ካፒቴንም ተከተለ። እየዋኘ ሄዶ ከውሃው በላይ ብቅ ያለች ኩይሳ ላይ ቆመ። እነሱ ዙሪያውን ይለቅማሉ። መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ስልኬን አውጥቼ ነበር። ፎቶው ያምራል ብዬ።

ከዚያ ውሃው ውስጥ ግንድ አየሁ። ግንዱ ከወራጁ በተቃራኒ ይሄዳል።

"ካፒቴን! ና!" አልኩ። አየኝ። ጭራውን ቆላ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የምፈትነው መሰለው። "ና! ና!" እያልኩ እጄን አወናጨፍኩ። እጄን ሳወናጭፍ "ወደነሱ" ማለቴ እንደሆነ ነው የሚያውቀው። ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ፣ ወደነሱ። ዳክዬዎቹ በአንድ ጊዜ እየጮኹ ተነሱ። እሱ ክንፍ የለውም።

አንዴ ብቻ ጮኸ።

አባባ ከየት እንደመጣ አላየሁም። የዓሣ ጦሩን ይዞ እስከ ጭኑ ገብቶ ነበር፤ ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩት፣ ቁልፎቹ ተበጠሱ። "የልጄ ነው!" ይል ነበር። "የልጄ ነው፣ ልቀቂኝ!"

ውሃው ተመልሶ ዝም አለ። ዳክዬዎቹ በየተራ ወደ ግቢ ገቡ፣ ቀለባቸውን ፈለጉ። ማታ ጭሱ ጋ መጥተው እንደ ወትሯቸው ተኙ። ጠላኋቸው። የእማ ናቸው፣ ግን ጠላኋቸው።

አባባ "እሰሪ" ብሎኝ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ "ብዬሽ ነበር" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 25

ለኦሞድ እንዴት እንደምነግረው ሳስብ ቀኑ ይመሻል። "ኔትወርክ የለም" እላለሁ ለራሴ። ዛሬ ኔትወርክ ነበር።

ነሐሴ 27

የቦቴው ሾፌር በሰፈራችን ሲያልፍ ውሻው እንደሌለ ሰምቶ ነግሮታል። እንዴት እንደሆነ አልሰማም፣ አለመኖሩን ብቻ። የኦሞድ መልእክት፦ "አደረገው አይደል። ሰው ፊት ያለውን አደረገው።"

ደወልኩ። አላነሳም።

ስልኩን ይዤ ሳለቅስ አባባ አየኝ። መልእክቱን አነበብኩለት፤ ማንበብ አልነበረብኝም። ቆይቶ፣

"እኔ ነኝ በይው" አለ።

"ምኑን?"

"ጎግ ላከው በይው። ብዬ ነበር እኮ፣ ሰው ሁሉ ሰምቷል።"

"አባባ፣ ውሸት ነው!"

"እኔን ቀድሞውንም ተቀይሟል። ቂሙ አንድ ሰው ላይ ይቀመጥ። አንቺንም ከተቀየመ ግን፣ እሱ ደህና መሆኑን በማን በኩል ነው የምሰማው?"

እሱ ጉልበቱን እያሸ "ደግሞ ጎግ ያለ ውሻ በሕይወት አለ" አለ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገ እላለሁ።

ጳጉሜን 2

መጣ። ለበዓል አይደለም፣ የቀረውን ልብሱን ሊወስድ። በሩ ላይ ቆመ፣ "ግባ" ብለው አልገባም፤ ልብሱን በሻንጣ አውጥቼ ሰጠሁት። አባባ ከወንበሩ ሊነሳ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ኦሞድ ከስቷል። ጺም አብቅሏል፣ እማን መስሏል፤ ጺም ያለው ሰው እንዴት እናቱን ይመስላል?

"ውሻዬ የት ነው?"

"ጎግ" አለ አባባ።

"ማን ጋ?"

"ወዳጄ ጋ። እሱ ደግሞ ለሌላ ሰው ሰጠው አሉኝ።"

"ዳክዬ ነካ?"

አባባ ወደኔ አየ። ከዚያ "ነካ" አለ።

ካፒቴን አልነካም። ሞቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ወሰድንበት።

ኦሞድ ዞረ። "ዲቦራ፣ እውነት ነው?"

እጄ ላይ በኩባያ ውሃ ይዤ ነበር፣ ለሱ ያመጣሁት።

"ውሃ ጠጣ" አልኩት።

ኩባያውን ተቀብሎ፣ ሳይጠጣ፣ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። እትዬ የትናየት ከሱቃቸው ብቅ ብለው "እንዴ ኦሞድ! ለዓመት በዓል ደርሰህ ልትሄድ? በል ና፣ ጺምህን እንኳ ልየው!" አሉት። "መኪናው እየጠበቀኝ ነው እትዬ" አለ። የሚጠብቀው መኪና አልነበረም። ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሩ ሲሄድ አየሁት። አባባም አየው። ሻንጣው ከበደው መሰለኝ፣ እጅ ቀየረ። አባባ እጁን አነሳ፣ ሊቀበለው የሚፈልግ ይመስል፣ እዚያው ተቀምጦ።

መስከረም 11 ቀን 2018

ምደባ ወጣ። ጎግ። ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የእንስሳት ባለሙያ።

ይኼን ቀን ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። በሕልሜ ሁልጊዜ እጮህ ነበር፣ ሰው አቅፌ። ዛሬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ስሜን ደግሜ ደግሜ አነበብኩ፣ የሌላ ሰው ስም ይመስል። እትዬ የትናየት እልል አሉ። አባባ በሁለት እጁ ጭንቅላቴን ይዞ ጸለየልኝ።

ማታ ከኦሞድ መልእክት መጣ፣ ከጳጉሜን ወዲህ የመጀመሪያው። "እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ጎግ ከሆንሽ ካፒቴንን ፈልጊልኝ። ደረቱ ነጭ፣ ግራ ጆሮው ተቆርጧል። ስሙን ቀይረውበት ይሆናል።"

"እሺ" ብዬ ጻፍኩ። ላኩት።

መስከረም 24

ጎግ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው። ቀኑን ሙሉ በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ። አንዲት ሴት "ውሻዬ ዶሮዬን እንዳይበላ ምን ላድርግ?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ሽቦ፣ ስለ ማታ ቤት፣ ስለ ሳህን ነገርኳት። "ከነሱ ጋር ይዋል?" አለችኝ። "አይዋል" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሕፃኑ ነቃባት።

ኦሞድ "አገኘሽው?" ይላል፣ በየጊዜው። "አላገኘሁትም" እላለሁ። ውሸት አይደለም። ለዚህ ነው የሚቀለኝ፣ ለዚህም ነው የሚያንቀኝ።

ጥቅምት 2

ዛሬ ነገርኩት።

ኔትወርክ የሚገኘው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ቆሞ ነው። አንድ እርምጃ ከተራመዱ ይጠፋል። ምሳ ሰዓት ላይ ደወለ። ድምፁ ቀሎታል።

"አስቤበት ነበር" አለ። "መጀመሪያ ገድሎታል ብዬ ነበር እኮ። አልገደለውም። አባባ ይቆጣል እንጂ አይጨክንም። ስታገኚው ንገሪኝ፣ እሱንም ይዤው እመጣለሁ። አብረን እንወስደዋለን።"

"እሱን ማንን?"

"አባባን ነዋ" አለ። በዚህ ጊዜ ቶሎ አለው።

አንድ ቃል ብጨምር ያ ድምፅ እንደሚጠፋ አውቄያለሁ። ዝም ብል ደግሞ ሁለቱ አንድ ቀን እዚህ ይመጣሉ፣ አባባ ጉልበቱን እየጎተተ፣ የሌለ ውሻ ከቤት ቤት ሲፈልግ፣ ውሸቱን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ። አባባ ይህን ያደርገዋል።

ነገርኩት። ኩይሳውን፣ ግንዱን፣ እጄን። አባባ እሰሪ ማለቱን። ጦሩን ይዞ መግባቱን። "የልጄ ነው" ማለቱንም።

"ዳክዬ አልነካም?" አለ ስጨርስ።

"አንድም።"

"ሁሉም ተመለሱ?"

"ሁሉም።"

"ታዲያ አባባ ለምን ዋሸኝ?"

"ከኔ ጋ እንዳትጣላ። እኔ ብቻ ነኝ ስላንተ የምነግረው።"

ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁት። እማን ስንቀብር እንኳ አላለቀሰም፣ አፈር ሲያለብስ ነበር። ላጽናናው ፈለግሁ፤ ይቅርታ የሚለውም ትንሽ ሆነብኝ። ስልኩን አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። ብንቀሳቀስ ይቋረጣል ብዬ ታንከሩ አጠገብ እንደቆምኩ ቀረሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ከምሳ ሲመለሱ በፊቴ ያልፋሉ፣ "ዲቦራ፣ እንዴት ዋልሽ?" ይላሉ። ወንድሜ ጆሮዬ ውስጥ እያለቀሰ፣ በእጄ ብቻ ሰላም አልኳቸው።